ልጄን ላርስ አፍንጮ በር

ደሴ፣ መነሻ

አራስ ለማረስ አገር አቋርጦ የሄደ ወንድ ሰምታችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ አልሰማሁም። ይሁንና ጎህ ሳይቀድ ደሴ መናኸሪያ ቆሜ፣ በአንድ እጄ የገብስ ዱቄት ከረጢት፣ በሌላው ቅቤና ማር የያዘ ዘንቢል አንጠልጥዬ የአዲስ አበባን አውቶቡስ እጠብቅ ነበር። ልጄ ሀያት የምትኖረው አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር ነው። የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ተገላግላ፣ ከጤና ጣቢያ ወጥታ ቤቷ ገብታለች። ሴት ልጅ ናት።

ደንቡ የታወቀ ነው። የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ የአራሷ እናት ሄዳ ታርሳታለች፤ ገንፎ ታገነፋላታለች፣ አጥሚት ታጠጣታለች፣ ገላዋን ታጥባታለች። የሀያት እናት ግን ካረፈች ቆይታለች። የባለቤቷ የከማል እናት አልጋ ላይ ናቸው። ታላቅ እህቴ ዘሃራ ትሄድ ነበር፤ ግን ጉልበቷ አሟት አውቶቡስ መሳፈር አትችልም። ቀረሁ እኔ፣ ጡረታ የወጣሁ የከባድ መኪና ሾፌር።

ዘሃራ የምሥራቹ እንደተሰማ ምድጃ ዳር አስቀምጣ ገንፎ አስተማረችኝ። የመጀመሪያው ጓጎለ፣ የሚቀጥለው አረረ፣ የመጨረሻውን ቀምሳ ዝም አለች። ዘሃራ ዝም ካለች ወዳዋለች ማለት ነው።

ስትሸኘኝ እንዲህ አለችኝ፦ «ስማ ሰይድ፣ አራስ በደንብ መታረሷ የሚታወቀው በፊቷ ነው። ጉንጯ ሞልቶ ፎቶ ካልላክህልኝ ደሴ እንዳትመለስ። የሟቿ አደራ አለብህ።»

ይህን አደራ ከዱቄቱ ጋር ተሸክሜ ተሳፈርኩ።

ቁልቁለትና አቀበት

ዕድሜዬን መሪ ጨብጬ ስለጨረስኩ ተሳፋሪ መሆን አልችልበትም። የኮምቦልቻን ቁልቁለት ስንወርድ እግሬ የሌለ ፍሬን እየረገጠ አስቸገረኝ። ሾፌሩ ጢሙ ገና ያልጠነከረ ልጅ ነው፤ ኩርባ ላይ ስልኩን ሲያይ «አንተ ልጅ፣ መንገዱ እዚህ ፊትህ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪው አጨበጨበልኝ። ልጁም ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ከሚሴን አልፈን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ መስኮት አስከፈተን። ከጎኔ የተቀመጠችው ከከሚሴ የተሳፈረች ነጋዴ ዘንቢሌን አየት አድርጋ «አባቴ፣ ቅቤው ይቀልጣል፤ ወደ ጥላው ያድርጉት። ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለልጄ። ወልዳለች፤ ላርሳት ነው የምሄደው።»

ከኋላችን የተቀመጠ ጎልማሳ ሳቁን ለቀቀው። «ወንድ አራስ ሊያርስ! ወይ ስምንተኛው ሺህ!»

ሴትየዋ ዞር ብላ «አንተ ሚስትህ ስትወልድ ውሃ እንኳ አቀብለሃት ታውቃለህ?» አለችው። ሰውየው ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ የተኛ መሰለ።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። ለሀያት ብዬ አንድ ላስቲክ ገዛሁ። ጣርማበር ጉም ውጦን ዋሻው ውስጥ ገባን፤ ስንወጣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰንዳፋ ሳንደርስ ቆሎውን ራሴ ጨርሼው ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። ሞተር አውርጄ መግጠም እችላለሁ፤ አራስ ማረስ ግን አልሞከርኩትም።

ፒያሳ

ላምበረት ወርጄ በታክሲ ወደ ፒያሳ ቀጠልኩ። የታክሲው ረዳት ከረጢቴን አይቶ «ፋዘር፣ ይቺ ወንበር ከያዘች ትከፍላለች!» አለኝ።

«አራስ ጥየቃ ነው የምትሄደው» አልኩት።

«እንደሱ ከሆነ በነፃ ትግባ። ገንፎው ሲደርስ ግን ይደወልልኝ።»

አራዳ አልተለወጠም ብዬ ሳቅኩ። ከታክሲው ስወርድ ግን ሳቄን ዋጥኩት። እኔ የማውቃት ፒያሳ ሰው ከሰው እየተጋፋ የሚያልፍባት ነበረች፤ አሁን የእግረኛ መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራቱ ተደርድሮ፣ ሰማዩ ራሱ የጨመረ ይመስላል። ዶሮ ማነቂያ መኪናዬን አቁሜ የማድርበት፣ ሽሮ የምበላበት ቤት ነበረኝ። ቤቱም ሰፈሩም የለም። የት ሄዱ ብዬ አንዲት ጀበና የያዘች ወጣት ብጠይቅ «ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ወጡ፤ አንዱ እዚያ፣ አንዱ እዚህ» አለችኝ። የቤቱ ባለቤት አምስት ልጆች የወለደችው ያንን ሰፈር ተማምና ነበር። አሁን አራስ ብትሆን ማን በሯን እንደሚያንኳኳ አሰብኩ።

ከማል ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ልብስ ስፌት ቤት ይሠራል። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሮጦ መጥቶ ከረጢቱን ተቀበለኝ።

«አባባ፣ ደክሞዎታል። አንድ ማኪያቶ ይጠጡና እንሄዳለን።»

«ማኪያቶው የትም አይሄድም። መጀመሪያ ልጄን አሳየኝ።»

ከድልድዩ ወደ አፍንጮ በር ያለውን አቀበት በእግር ወጣን። ታክሲ የማይገባበት ቀጭን መተላለፊያ አልፈን፣ አንድ የውሃ ቧንቧ ለሁሉም የሚሆንበት ግቢ ደረስን። ሀያት አልጋ ላይ ሆና ስታየኝ «አባዬ፣ የምር መጣህ?» ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ።

የአራስ ቤት

ግቢውን የሚያስተዳድሩት እማማ ዘምዘም ናቸው። ወሎ ተወልደው አፍንጮ በር ያረጁ፣ በዚያ ግቢ የወለደችውን ሁሉ ያረሱ ሴት ናቸው። ከላይ እስከ ታች ገረመሙኝና «አንተ የደሴ ሰው፣ ገላዋን እኔ አጥባታለሁ። ገንፎው ያንተ ነው። ካረረ አባርርሃለሁ» አሉኝ። በግድግዳ የምትጎራበተን መምህርት ሰብለ ናት፤ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ምዕመን፣ በቅርብ ባለ ትምህርት ቤት የምታስተምር። ማታ ማታ እየመጣች ሕፃኗን ትይዝልን ነበር።

ገንፎዬ አላረረም። ጠዋት ገንፎ፣ ረፋድ ላይ አጥሚት፣ ከሰዓት ደግሞ ገንፎ። ሀያት ባትፈልግም «ለልጅሽ ስትዪ» እያልኩ አጎርሳታለሁ። ጠያቂው አያቋርጥም፤ «እንኳን አላህ ማረሽ» የሚለው ሲወጣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ይገባል። ሁሉም ጎንበስ የሚለው ወደ ሕፃኗ ነው። ማንን መሰለች፣ ጡት ትይዛለች ወይ፣ ትተኛለች ወይ።

ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ የሀያት ፊት ሞላ። ጉንጯ ተነፋ፣ ዓይኗ ሥር ወፈረ፣ የጋብቻ ቀለበቷ ጣቷን ሰርስሮ አልወጣ አለ። ሴቶቹ ተደነቁ። አንዷ «ወንድ ሆነው እንዲህ አሳምረው አረሷት!» አለች። እማማ ዘምዘም ራሳቸው «እኔ እንኳ በዚህ ፍጥነት አላወፈርኩም» ብለው መሰከሩልኝ። እኔ ጋ ኩራቱ አያልቅም ነበር። ፎቶ አንስቼ ለዘሃራ ላክሁላት፤ ደውላ በስልክ እልል አለችልኝ። በዚያን ዕለት ከማልን ይዤ ወርጄ ባንኮኒ ተደግፌ ያን ማኪያቶ ጠጣሁ። አጠገባችን ለቆመ ለማላውቀው ሰው ሳይቀር «ልጄን እያረስኩ ነው» ብዬ ነገርኩት።

ሀያት ራሷን እንደሚያማት ተናግራ ነበር። እማማ ዘምዘም «ብርድ ነው፤ አራስን ብርድ ይወዳታል» ብለው መስኮቱን ዘጉ፣ ጭንቅላቷንም በሻሽ ጠበቅ አድርገው አሰሩት። እኔም አልተከራከርኩም። ራሷን ያሰሩላት ስንቷን ያረሱ ሴት ናቸው፤ እኔ ትናንት ገንፎ የተማርኩ ሾፌር ነኝ።

የአቂቃው ዋዜማ

በሰባተኛው ቀን አቂቃ ነው፤ በግ ታርዶ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ለሕፃኗ ስም ይወጣል። በዋዜማው ከሰዓት ግቢው በሽንኩርት ላጮች ተሞላ። በጉ ቧንቧው አጠገብ ታስሮ ይጮኻል። ሀያትን አልብሰን፣ ኩል ተኩላ፣ ትራስ ተደግፋ እንግዳ ትቀበላለች። በየመሃሉ ዓይኗን ትጨፍናለች። ደክሟት ነው ብዬ ውሃ በብርጭቆ አጠገቧ ካለው በርጩማ ላይ አስቀመጥኩላት።

እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ ከብርጭቆው አጠገብ ባዶውን ጨበጡ። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ሳተችው።

በሥራዬ ዘመን እንዲህ ሲስት ያየሁትን ሾፌር መሪ አስለቅቄ አውቃለሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሀያቴ፣ ብርጭቆው አይታይሽም?» አልኳት።

«ብዥ ይልብኛል አባዬ። ብልጭ ብልጭ የሚል ነገርም አለ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት። እዚህም ያመኛል» ብላ ከጡቷ በታች፣ ከሆዷ በላይ ነካች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁሉም ፊትሽ አማረ ሲሉ እንዴት ደስ እንዳለህ አይቼ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የተሰማኝን በጽሑፍ ማስፈር አልችልም። ተነስቼ «ልብሷን ስጡኝ፤ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ» አልኩ።

ሽንኩርት ላጮቹ ቢላቸውን አቆሙ። እማማ ዘምዘም በሩን በቁመታቸው ዘጉት። «አራስ በዚህ ነፋስ? ነገ አቂቃዋ ነው! ብርድ ነው አልኩህ።»

«እማማ፣ ዓይኗ አያይም።»

«ይለቃታል። ስንቷን አይቻለሁ!»

«ስንቷን አይተዋል፤ የለቀቃትን ነው የሚያስታውሱት ወይስ ያለቀቃትንም?»

በእናቴ ዕድሜ ባይሆኑም በታላቅ እህቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው፤ አነጋገሬ ነውር ነበር። መምህርት ሰብለ ጠመኔ እጇ ላይ እንዳለ ከሥራ መግባቷ ነበር። የሀያትን እግር ገለጥ አድርጋ ቁርጭምጭሚቷን በጣቷ ጫነችው፤ ጣቷ የተወው ጉድጓድ አልሞላ አለ። «ጋሽ ሰይድ፣ እንሂድ። ሕፃኗን እኔ እይዛለሁ» አለች።

እማማ ዘምዘም የሀያትን ፊት ለረጅም ጊዜ አዩት። ያንኑ ያሞካሹትን ፊት። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው ደረቡባትና «በሉ፣ ከሁለት ወገን ደግፏት» ብለው ራሳቸው ከፊት ቀደሙ።

ቁልቁል ወደ ድልድዩ

ያ ቀጭን መተላለፊያ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። አስፋልት ላይ ላዳ አገኘን፤ ራስ መኮንን ድልድይ ስንደርስ ግን መንገዱ ተዘጋ። ከፊት ታክሲ፣ ከኋላ ታክሲ፣ በመሃል ሸቀጥ የተሸከመ ሰው። ሀያት ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አድርጋ «መብራቱ አመመኝ» ትላለች። እማማ ዘምዘም ከመኪናው ወረዱ። ዱላቸውን ከፍ አድርገው መሃል አስፋልት ላይ ቆሙና «አራስ ናት! አሳልፉ! እናት የላችሁም?» እያሉ ጮኹ። የፒያሳ ሾፌር ለማንም አይለቅም፤ ለእሳቸው ግን ለቀቀ። አንዱ ወያላ «እማማን ትራፊክ አድርጓቸው!» እያለ ራሱም መንገድ ያስለቅቅ ጀመር። ከማልም ከስፌት ቤቱ ሮጦ ወጥቶ ደረሰብን።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ የሀያትን የደም ግፊት ለካች። አንዴ ለካች፣ እንደገና ለካች፣ ከዚያ ሌላ ነርስ ጠራች። «ከወለደች በኋላ ግፊቷ ተለክቷል?» ብላ ጠየቀችን። ከማል ቀስ ብሎ መለሰ፦ «በሦስተኛው ቀን ተመለሱ ብለውን ነበር። ለሕፃኗ መስሎኝ። ሕፃኗ ደህና ስለሆነች፣ አራስም ከቤት ስለማትወጣ ቀረን።»

ነርሷ አልተቆጣችንም። ብትቆጣን ይሻለኝ ነበር። «ለእናትየዋም ነበር» አለች ብቻ፤ መርፌ ወጋቻትና በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላከችን።

ሆስፒታል

ሆስፒታል ውስጥ ያየቻት ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ምን እንደሆነ ኮሪደር ላይ ቆማ አስረዳችኝ። የደም ግፊቱ በእርግዝና ጊዜ ብቻ ሳይሆን ከወሊድ በኋላም እንደሚመጣ፣ እብጠት ብቻውን ላያስፈራ እንደሚችል፣ ከከባድ ራስ ምታትና ከዓይን ብዥታ ጋር ሲመጣ ግን ሰዓት እንደማይሰጥ ነገረችኝ። «ቢቆይ ኖሮ ያንቀጠቅጣት ነበር። ከዚያ በኋላ ልናጣት እንችል ነበር» አለችኝ።

«ዶክተር፣ እኔ ጥጋብ መስሎኝ ነበር» አልኳት። «ገንፎዬ መስሎኝ።»

«ገንፎው ጥፋት የለበትም አባቴ» ብላ ፈገግ አለች። «ገንፎውን እየሰጡ እሷንም መጠየቅ ነበር።»

ከማል ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ያለቅሳል። እማማ ዘምዘም አግዳሚው ላይ የሙስበሃቸውን ፍሬ ይቆጥራሉ። እኔ ቆሜ ነው የማስበው። መኪና ዳሽቦርድ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ በጨርቅ የሚሸፍን ሾፌር ብይዝ በዚያው ቀን አባርረው ነበር። እኛ ግን የልጄን ራስ በሻሽ አሰርን፣ ፊቷን አሞካሸን፣ ፎቶ አነሳን።

እማማ ዘምዘም ሳይጠየቁ ተናገሩ። «አንዲት ነበረች» አሉ። «ከዚያው ግቢ። ፊቷ እንዲህ አምሮ ነበር። በአራስነቷ ወደቀች፤ ዓይነ ጥላ ነው አልን።» ቅድም በበሩ ላይ የተናገርኳቸው ቃል ትዝ ብሎኝ «ይቅር ይበሉኝ እማማ» አልኳቸው። «ይቅር ለአላህ» አሉኝ።

ሀያት በነጋታው መብራት ማየት ቻለች። ሰብለ ሕፃኗን እያመጣችላት ሀያት ጡት ታጠባት ነበር፤ ሰብለ ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ ወስዳ ነው። ቀን እያለፈ ግፊቱ ወረደ፣ እብጠቱም ሟሸሸ። ቀለበቷ ጣቷ ላይ ላላ።

አቂቃው ወደ አስራ አራተኛው ቀን ተዛወረ፤ ሼሁ «ይፈቀዳል፤ እናትየዋ ትዳን» አሉ። በዚህ የተጠቀመው በጉ ብቻ ነው። ተጨማሪ ሳምንት ኖረ፤ የሰብለን የጎመን መደብም ጨርሶ በላ።

ስም

ሀያት ወደ ግቢው ስትመለስ ሴቶቹ ደንግጠው አፋቸውን ያዙ። «ውይ፣ ምነው እንዲህ ከሳች! ያ ሁሉ ፊት የት ሄደ?» እኔ ግን ያን የከሳ ፊት እያየሁ አልጠግብ አልኩ። ጉንጯ አጥንቱ ይታያል፤ የናቷ ጉንጭ ነው። እብጠቱ ሲወርድ ከሥሩ የወጣው የማውቀው የልጄ መልክ ነው።

በአቂቃው ቀን እንግዳው እንደ ልማዱ ወደ ሕፃኗ ሲያዘነብል እማማ ዘምዘም በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀምጠው ነበር። «መጀመሪያ እናትየዋን!» እያሉ ነው የሚያስገቡት። «ራስሽን አያምሽም? ዓይንሽስ? እንቅልፍስ? ልብሽስ ደህና ነው? ብለሽ ጠይቂያት፤ ከዚያ ሕፃኗን ትሳሚያለሽ።» አንዲት የማያውቋት እንግዳ እንኳ ፈተና እንደወደቀ ተማሪ ከሕፃኗ ተመልሳ እናትየዋን ጠየቀች። ሀያት መጀመሪያ አፈረች። ወደ ማታ ግን ለአንዷ ጠያቂ «እውነቱን ለመናገር አልፎ አልፎ ዝም ብሎ ያስለቅሰኛል» ስትላት ሰማሁ። ሴትየዋም ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጥታ ከጎኗ ተቀመጠች።

ከማል ስሟን እኔ እንዳወጣ ፈቀደልኝ። አፊያ አልናት፤ ጤና ማለት ነው።

መልስ

ከላምበረት ስሳፈር ከረጢቱ ባዶ ነበር። ሾፌሩ ጎልማሳና ጠንቃቃ ነው፤ ቢሆንም ጣርማበር ላይ እግሬ የራሱን ፍሬን ረገጠ። መንገዱን ሁሉ ሳስብ የነበረው ስለ ገንፎ አይደለም። ገንፎው ደግ ነው፣ አጥሚቱም፣ ጠያቂውም፤ ባይኖሩ ልጄ ብቻዋን ነበረች። ግን ያን ሁሉ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ስደክም አንድም ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ «አንቺስ?» አላልኳትም። ሐኪም ቤት ተመለሱ የተባለውን ቀን የሻርነውም እናት ከወለደች ያለቀላት ስለሚመስለን ነው። ይህን የጻፍኩት አራስ ያለበት ቤት ያላችሁ እንድትሰሙኝ ነው። ቀኑ ሲደርስ ውሰዷት። ነፋስ ቢኖርም ውሰዷት።

ደሴ ስገባ ዘሃራ ጎረቤቶቿን ሰብስባ ትጠብቀኛለች። ሀያት ሆስፒታል የገባች ጊዜ ዘሃራን በስልክ አላስደነገጥኳትም፤ በቃል እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ያን የድሮውን ፎቶ ለጎረቤቶቿ እያሳየች «ወንድሜ ነው እንዲህ ያረሳት!» ትላለች። ስልኬን አውጥቼ በመጨረሻው ቀን ያነሳሁትን ሰጠኋት። ሀያት ቀጭን ፊቷን ወደ ፀሐይ አድርጋ፣ አፊያን ታቅፋ፣ ዓይኗ በቀጥታ እኔን ያየኛል።

ዘሃራ ሁለቱን ፎቶ አስተያየች። ፊቷ ጠቆረ።

«ሰይድ! ምን አድርገህ ነው እንዲህ ያከሳሃት?»

እጇን ያዝኩና ከጎኗ ተቀመጥኩ።

«አልሐምዱሊላህ በይ፣ ዘሃራ» አልኳት። «ከስታለች።»